ቤት የገባች ወሰን

ወልደአረጋይ ዘሥላሴ በገዛ ቤቱ ጠላ የሚጠጣው በሩ አጠገብ ቆሞ ነው። መቀመጫ አጥቶ አይደለም። ከምሰሶው ወዲያ ያለው አብዛኛው የቤቱ ክፍል የአብዱልሀፊዝ ያሕያ መሬት ስለሆነ፣ በእስላም ሰው መሬት ላይ ተደላድሎ ጠላ መጠጣት ነውር መስሎ ስለሚታየው ነው። ከምሰሶው ወዲህ ደግሞ አንድ እንስራ ከተቀመጠ በኋላ ለአንድ ሰው መቆሚያ እንጂ መቀመጫ አይተርፍም። ስለዚህ ቆሞ ይጠጣል።

ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ከጓዳ ሆና፣ ማለትም ከአብዱልሀፊዝ መሬት ላይ ሆና፣ "አንተ ሰው፣ እንደ ፈረስ ቆመህ አትጠጣ" ትለዋለች።

"በሰው አገር ሆነሽ አትዘዢኝ" ይላታል።

"በሰው አገር ከሆንኩማ አንተም ራት አቅርቢ አትበለኝ" ትላለች፤ ራቱን ግን ታቀርባለች።

ሲተኙም ያው ነው። መደቡ ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ወዲያ ወዲህ አይባልም፤ ራስጌው በወልደአረጋይ በኩል፣ ግርጌው በአብዱልሀፊዝ በኩል ቀርቷል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ራሱ በአገሩ፣ እግሩ በሰው አገር ያድራል። አንዳንድ ጊዜ እግሩን ሰብስቦ ለመተኛት ይሞክራል፤ ጉልበቱን ቁርጥማት ሲይዘው ግን ይዘረጋዋል። በማግስቱ አብዱልሀፊዝን መንገድ ላይ ካገኘው "ትናንት እግሬን ዘርግቼብህ አደርኩ፣ ይቅር በለኝ" ይለዋል። አብዱልሀፊዝም አንገቱን ደፍቶ "ኧረ ወላሂ እኔን ነው ይቅር የምትለኝ" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣችው አንዲት ሐረግ ናት።

ቤቱ ያለው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚያወርደው መንገድ ወገብ ላይ፣ ብርዱ አልቆ ግራሩ በሚጀምርበት ቦታ ነው። በአባቶቻቸው ዘመን የወልደአረጋይ አባት ዘሥላሴና የአብዱልሀፊዝ አባት ያሕያ ለአንድ ፈር መሬት ሊጋደሉ ደረሱ። ሽማግሌ ገባና አስታረቃቸው። ከዚያ የወሰን ምልክት ምን ይሁን ተባለ። ድንጋይ እንዳይሆን፣ ድንጋይ በአንድ ሰው ትከሻ ይሄዳል። ዛፍ እንዳይሆን፣ ዛፍ ከሰል ይሆናል። ቦይ እንዳይሆን፣ ጎርፍ ይደፍነዋል። ሽማግሌዎቹ ቀና ሲሉ፣ በላያቸው ባለው ግራር ላይ አንዲት ሐረግ ተጠምጥማ አዩ። ግንዷ አራት ጠርዝ ያለው፣ በየአንጓው የተቋጠረ፣ ውኃ የጠገበ ነው። አገሩ ሁሉ በድርቅ ሲነድድ ቅጠሏን ትጥላለች እንጂ እሷ አረንጓዴ ሆና ትከርማለች። አፍ ስለምታቃጥል ከብት አይቀምሳትም። ምን ትሠራለች ብሎም የሚሰርቃት የለም። ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ዘሥላሴ ወንጌል መታ፤ ያሕያ ቁርኣን ያዘ። የማሉትም እንዲህ ብለው ነው፦ ወሰናችን የሐረጊቱ ጫፍ ያለበት ነው። እኛም ልጆቻችንም አንቆርጣትም፣ አንነቅላትም፣ አናባርራትም። ሁላችንም እስከ ጫፏ እናርሳለን፤ መሬቱን ጦም ያሳደረ ወንድሙን በስስት እንደጠረጠረ ይቆጠራል።

ይህን ያህል የተጠበቡት ሽማግሌዎች አንድ ነገር ሳይጠይቁ ብድግ ብለው ሄዱ። ይህች ፍጥረት ባለችበት ትቆማለች ወይ?

ግራሩ በሕይወት ሳለ ቆማ ነበር፤ መውጫ ስለነበራት ወደ ሰማይ ወጣች። አባቶች ካረፉ በኋላ ግን በአንድ ክረምት ግራሩን ነፋስ ጣለው። ሐረጊቱም አብራው ወደቀች፤ መሬት የነካው አንጓዋ ሁሉ ሥር አወጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! በየክረምቱ አንድ ሁለት ክንድ ወደ ወልደአረጋይ በኩል ትሄዳለች። በኋላዋ ያለው ደርቆ ይበሰብሳል፣ በፊቷ ያለው ይለመልማል። የማሽላውን እርሻ አለፈች። ጓሮውን አለፈች። አንድ ዓመት በቤቱ ጀርባ ባለው መስኮት ገባች። የጓዳውን ግድግዳ ታክካ፣ ሌማት የሚሰቀልበትን ችካል ይዛ፣ አምና ምሰሶው ጋ ደረሰች።

የመሬት ለኪዎች መጥተው ይዞታቸውን በጂፒኤስ የለኩላቸው ጊዜ ወሰኑ በወረቀት ላይ ወደ ድሮው ቦታ ተመልሶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለኪዎቹን እርጎ አጠጥተው፣ አመስግነው ሸኟቸው። ከዚያም ወደ ሐረጊቱ ተመለሱ። ሳተላይት አልማለም፤ እነሱ ግን የማሉ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ክረምት ሲገባ አብዱልሀፊዝ ዶማውን ተሸክሞ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቅና "ወልደአረጋይ፣ በአገርህ አሳልፈኝ" ይላል።

"እለፍ፣ ግን እንስራውን እንዳትነካው፣ ልብስህ ጠላ ይሆናል።"

ያልፋል። ከምሰሶው ወዲያ ሲደርስ "ቢስሚላህ" ብሎ የጓዳውን ወለል ይቆፍራል። አንድ እፍኝ ማሽላ ይዘራል። ዘሩን ሲያለብስ ዐይኑን ከለተጊዮርጊስ ያሸሻል፤ ያፍራታል። እስከ ጫፏ ካላረሰ መሐላ ማፍረስ ነው፤ ጦም ካሳደረ ወልደአረጋይን መስደብ ነው። ማሽላው ይበቅላል፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ይንጠራራል፣ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። አብዱልሀፊዝ በኅዳር መጥቶ የደረቀውን አገዳ በአክብሮት ያጭዳል። ለተጊዮርጊስ ሽሮ አቅርባለት ሦስቱ አብረው ይበላሉ። "ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?" ይላል ወልደአረጋይ። "አልሐምዱሊላህ" ይላል አብዱልሀፊዝ፣ ሁለት እፍኝ የማይሞላ ጭድ ታቅፎ።

አሁን ግን ነገሩ ከርሮ ነበር። ከምሰሶው እስከ በሩ የቀረው ምን ያህል ነው? ሐረጊቱ ደጃፉን ከረገጠች ቤቱ በሙሉ የአብዱልሀፊዝ ይሆናል፤ ወልደአረጋይ ይወጣል። የተወለደበት ቤት ነው። አባቱ ያቆመውን ምሰሶ ለቆ የት ይሂድ? ሽበቱን ይዞ የማን ጥገኛ ይሁን? ለሚስቱ ሲነግራት "እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል" ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ያላት ሴት በመስጠቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

አንድ ቀን ከሐረጊቱ ላይ አንዲት አንጓ ራሷ ተገንጥላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ወልደአረጋይ አልቆረጣትም፤ አነሣት እንጂ። በመሐረብ ጠቀለላትና በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወጣ። እዚያ የእንስሳ ሳይሆን የዕፀዋት ዶክተር አለች ሲሉ ሰምቶ ነበር።

ዶክተር ፀደንያ በዕድሜ ልጁ የምትሆን፣ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ የምትኖር የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። መሐረቡን ስትፈታ ፊቷ በራ። "አባባ፣ ከየት አገኟት?"

"አገኘችኝ እንጂ እኔ መቼ አገኘኋት።" ከዚያ ታሪኩን ሁሉ ነገራት። ስታዳምጥ ለመሳቅ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው፤ የሰውዬው ፊት አያስቅም ነበር። አንጓዋን ዝናቡ ሊገባ ሲል ይዤ እመጣለሁ ብላ አስቀረችበት።

እንዳለችውም መጣች። ያቺ አንጓ አፈር ሳትነካ፣ ውኃ ሳትቀምስ መደርደሪያ ላይ ከርማ ወደ አየሩ ነጭ ሥር አውጥታ ነበር። አብዱልሀፊዝ ይህን ሲያይ "ሱብሐነላህ!" ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ወልደአረጋይ ሁሉንም ምሰሶው ሥር አስቀመጣቸውና ጋቢውን አስተካክሎ፣ ችሎት እንደቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ለእኔም ለእሱም አታደዪም። አባቶቻችን የማሉባት ሐረግ ከሥሯ ደርቃ በስብሳለች። ከዚያች አንዲት ጭራሮ እንኳ አልቀረም። ይህች ቤቴ ውስጥ ያለችው ያቺ ናት ወይስ ሌላ?"

ሌላ ናት እንድትለው እየጓጓ ነበር። ሌላ ከሆነች መሐላው የለም። መሐላው ከሌለ ቤቱ ቤቱ ነው።

ፀደንያ ተንበርክካ ግንዱን በጣቷ ተከተለችው፤ ከምሰሶው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጓሮ ወጥታ ተመለሰች። እውነት ለመናገር መዋሸት አምሯት ነበር። ዕፀዋት ላይ ግን መዋሸት አትችልበትም።

"አባባ፣ ይህች የወይን ዘመድ ናት። ደረቅ አገር ስለምትኖር ቅጠሏን አትተማመንበትም፤ ምግቧንም የምታበስለው ውኃዋንም የምታስቀምጠው በዚህ ባለ አራት ጠርዝ ግንዷ ነው። ከዘር በቅላ ቢሆን ኖሮ ልጅ ናት፣ ሌላ ናት እልዎት ነበር። ይህች ግን ከአንጓ ወደ አንጓ ነው የመጣችው። መካከል ላይ ዘር አልገባም። ልጅ አይደለችም፤ ራሷ ናት።"

"ራሷ?"

"ያችው አባቶችዎ የማሉባት።"

"መቼ ትሞታለች?"

"አርጅታ የሞተች ያየ ሰው አላውቅም" አለች ፀደንያ በትንሽ ድምፅ።

መጀመሪያ ያለቀሰው አብዱልሀፊዝ ነው። "ያ አላህ፣ ይህን ቤት ምን ላደርገው ነው?" ብሎ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። ለተጊዮርጊስ ለእንግዳዋ ቆሎ ልታመጣ ተነሣች።

ፀደንያ የፈረደችው ፍርድ ሳይከብዳት አልቀረም፤ ስትሄድ ወልደአረጋይን ደጅ ላይ ጠብቃ አንድ ነገር ነገረችው። "ዐይን የላትም አባባ። እነዚህ ቀጫጭን ክሮች እጆቿ ናቸው። ዝም ብላ በአየር ላይ ትዳብሳለች፤ የነካችውን ትጠመጠምበታለች፤ አካሏ እጇን ይከተላል። ወደ ቤትዎ የመጣችው ጠልታዎት አይደለም። የሚያዝ ነገር ስላገኘች ነው።"

ወልደአረጋይ ይህን ነገር ሲያላምጥ ሰነበተ። አንቆርጣትም፤ እሺ። አንነቅላትም፤ እሺ። አናባርራትም፤ እሺ። አንጠራትም ያለ ግን ማን አለ? ወደ ኋላዋ የምትይዘው ነገር ቢሰጣት፣ እሷው በፈቃዷ ዞራ ብትሄድ፣ ማን ምን ይለዋል? ተነሥቶ ሄዶ የአብዱልሀፊዝን ፈቃድ ጠየቀና ከምሰሶው ወዲያ፣ ከጫፏ ትይዩ፣ የወይራ እንጨቶች ተከለ። በነጋታው ጠዋት እንጨቶቹ ወድቀው አገኛቸው። ጥልቅ አድርጎ ተከለ፤ በነጋታው ወድቀዋል። በድንጋይ ደግፎ ተከለ፤ ድንጋዩም የለም። "አይጥ ነው" አለችው ለተጊዮርጊስ። ድንጋይ የሚሸከም አይጥ መኖሩ ቢገርመውም ከሚስቱ ጋር አልተከራከረም።

በመጨረሻ "እንግዲህ እኔው እሆናለሁ" አለ።

"ምን ትሆናለህ?"

"ችካል።"

በርጩማውን ከምሰሶው ወዲያ ወስዶ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ወደ ሐረጊቱ ጫፍ ዘረጋ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ተቀምጦ፣ እጁ ሲዝል በጉልበቱ እየደገፈው፣ "ነይ እናቴ፣ ነይ፣ ያዢኝ" እያለ ያባብላታል። ደጅ ላይ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። ሰው ቢያየው አብዷል ይለው ነበር፤ እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አእምሮው የተሰበሰበበት ጊዜ የለም። ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ክር የመሰለች የሐረጊቱ እጅ በአየር ላይ ተንሳፍፋ መጥታ የእጅ አንጓውን ነካችው። ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ዞረችው። ወልደአረጋይ እንባው መጣ።

"ያዘችኝ!" ብሎ ጮኸ። "ለተጊዮርጊስ፣ ዞራ ያዘችኝ!"

ለተጊዮርጊስ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችና ፊቷ ጠቆረ። "እና አሁን እንዴት ልትነሣ ነው?"

ይህን አላሰበበትም። ከተነሣ ይበጥሳታል፤ መበጠስ መቁረጥ ነው። እጁን ከነቀለ መንቀል ነው። "ትንሽ እስክትጠነክር እቀመጣለሁ" አላት። "ከዚያ ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ለከርሞ አንድ ክንድ እያልኩ ወደ መስኮቱ እመልሳታለሁ።"

"ከርሞም ተቀምጠህ ልትከርም?"

"ቤቴ ነዋ።"

ተቀመጠ፤ እዚያው በርጩማው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያድር ጀመር። ሚስቱ እያጎረሰች ታበላዋለች፤ ለመሽናት እንኳ ቅል ታቀርብለታለች፤ ዝርዝሩ ለእሱም ለአንባቢም ክብር ሲባል ይቅር። ሐረጊቱ ክረምቱ ተስማምቷታል፤ እጅ በእጅ እየተካች ክንዱን ወጣች፣ ትከሻው ላይ ደረሰች፣ አንዲት አዲስ ቅጠል በጆሮ ግንዱ በኩል ዘረጋች።

አብዱልሀፊዝ እንደ ልማዱ ዶማውን ይዞ በመጣ ጊዜ ይህን አየ።

"ወልደአረጋይ።"

"አቤት።"

"ጫፏ አንተ ላይ ነው ያለው?"

"ጆሮዬ ሥር ደርሳለች።"

አብዱልሀፊዝ አሰበ። "እንግዲያው ወሰናችን አንተ ነህ" አለ።

"እኔ ነኝ መሰለኝ።"

"እስከ አንተ ድረስ ማረስ ግዴታዬ ነው።"

"እረስ እንጂ፤ ማን ከለከለህ?"

አብዱልሀፊዝ "ቢስሚላህ" ብሎ ጀመረ። ከጓዳው ተነሥቶ እስከ በርጩማው ድረስ ቆፈረ። ወሰን አጠገብ ሲደርስ ዶማውን አስቀምጦ በእጁ አፈሩን ያለሰልስ ጀመር፤ "እግርህን ትንሽ አንሣልኝ፣ አዎ፣ አሁን መልሰው" እያለ። ከዚያ በወልደአረጋይ እግር ዙሪያ ማሽላ ዘራ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው፣ ደክመው፣ እርስ በርስ "ይቅር በለኝ" ተባባሉ። ዘንድሮ ቢያንስ አንድ ክንድ መሬት ለወልደአረጋይ መመለሱን አስበውም ተደሰቱ።

ለተጊዮርጊስ የራት ድስት ይዛ ስትገባ ይህን አየች። ባሏ ላይ ሐረጊቱ ተጠምጥማበታለች፤ እግሩ ሥር ዘር ተዘርቶበታል፤ ፊቱ ላይ እንደ ሙሽራ ደስታ አለ። "እዚሁ እበቅላለሁ እንጂ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!" አላት።

ድስቱን አስቀመጠች። ከችካሉ ላይ ቢላዋ አወረደች። ማንም ምን ልታደርግ ነው ብሎ ሳይጠይቅ ከምሰሶው ጋ ሐረጊቱን ያዘችና ቆረጠቻት።

አብዱልሀፊዝ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ተቀመጠ። የተቆረጠው ጫፍ ወልደአረጋይ ክንድ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ውኃዋ ወደ እጁ ወርዶ ያሳክከው ጀመር።

"መሐላው..." አለ ወልደአረጋይ።

"የምን መሐላ? የማለው አባትህ ነው። የማለው አባቱ ነው። 'እኛም ልጆቻችንም' አሉ። እኔ የዘሥላሴ ልጅ ነኝ? እኔ የያሕያ ልጅ ነኝ? የቄስ ገብረአብ ልጅ ነኝ፣ ከአንኮበር። እኔን ማንም አላስማለኝም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እውነቷን ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በዚህ ሁሉ ምክክር፣ ቢላዋ ይዛ በመካከላቸው ስትመላለስ የኖረችው ሴት ከመሐላው ውጭ መሆኗን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

"ታዲያ እስከ ዛሬ..." አለ ወልደአረጋይ፤ ቁጣው እየመጣ ነበር፤ "ቤቴ እየተወሰደ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቼ፣ አንቺ ይህን እያወቅሽ..."

"አውቃለሁ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

ለተጊዮርጊስ ቢላዋውን በቀሚሷ ጠረገች። ስትናገር ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። "በበጋ ዕቃ ያጠብሁበትን ውኃ ሁሉ ለእሷ ነበር የማፈሰው። በመስኮቱ ጎትቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እንጨቶችህንም ስነቅል ያደርኩት እኔ ነኝ፤ አይጥ የለም። እዚህ ቤት ስታመጣኝ፣ አባቴ ይረፍ እንጂ አንኮበር እንወጣለን አልከኝ። አባትህ ዐረፈ። ጠበቅሁ። ልጆች አደጉ። ጠበቅሁ። የአባቴ ቤት ተዘግቶ ቁልፉ እህቴ ጋ ነው። እኔ ይህን ሙቀት አንድ ቀን ለምጄው አላውቅም፤ በበጋ አየር ያጥረኛል፣ ጉም ካላየሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ካንተ ጋር መጣላት አልፈለግሁም። ስለዚህ ቤቱን ትውሰድልኝና እንውጣ አልኩ።"

"እና ምነው ዛሬ ቆረጥሻት? ሁለት ክንድ ነበር የቀራት።"

"ቤቱን ነው የሰጠኋት" አለች። "አንተን አልሰጠኋትም።"

ወልደአረጋይ ቁጣውን ፈለገው፤ አጣው። በቁጣው ቦታ ያገኘው ኀፍረት ነው። ያን ቃል መናገሩ ትዝ አለው። በበቅሎ ሲያወርዳት፣ መንገዱ ላይ ደጋግማ ዞራ ስታይ፣ እንዳታለቅስበት ብሎ የተናገረው ነው። እንደ ዋዛ ተናግሮ እንደ ዋዛ ረሳው። ከወሰኑ እስከ ጓዳው እርሻ የአባቱን ቃል አንድ ሳያጎድል የጠበቀ ሰው፣ የራሱን ቃል ጓዳ ውስጥ ጥሎት ኖሯል።

"አሁን ንገረኝ" አለች ለተጊዮርጊስ አፍንጫዋን እየጠረገች፤ "ከፈለግህ ከመስኮቱ፣ ከፈለግህ እስከ ጓሮው ድረስ ቆራርጬ እመልስልሃለሁ። አንተ አትንካት። ቤትህን አስመልስልሃለሁ፣ አትሳቀቅ።"

አብዱልሀፊዝ ደስታው ፊቱ ላይ ተነበበ። "አልሐምዱሊላህ! ወልደአረጋይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! እኔም ከዚህ ጓዳ ማረስ ተገላገልኩ!"

ወልደአረጋይ ግን ክንዱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ፣ እጆቿን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ሳይበጥሳት አወረዳት። የተቀመጠበት ዝሎ ስለነበር ግድግዳ ይዞ ተነሣ። በሩን አልፎ ወጣ። ከደጃፉ ወዲያ፣ ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ ተንበርክኮ በጣቱ ጉድጓድ ማሰ። ቁራጯን አስገባና አፈሩን ረገጥ ረገጥ አደረገላት።

"ምን እያደረግህ ነው?" ብሎ አብዱልሀፊዝ ተከትሎት ወጣ። "ጫፏ ደጅ ወጣ እኮ! ቤቱ በሙሉ የኔ ሊሆን ነው! ወላሂ አልፈልግም!"

"መቁረጥ ነው የተከለከለው፤ መትከል አልተከለከለም" አለ ወልደአረጋይ። "እስከ ጫፏ ማረስ ግዴታህ ነው። አባትህ ምሏል።"

አብዱልሀፊዝ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ወደ ቤቱ አየ፣ ወደ ጓደኛው አየ። "እና ዘርቼ ስጨርስ ከማን ጋር ነው የምበላው?" አለ። ድምፁ ተሰበረ። ወልደአረጋይ ትከሻውን ይዞት አብሮት ቆመ።

ለተጊዮርጊስ በሩ ላይ ወጥታ የተተከለችውን ቁራጭ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ በሠርጓ ቀን ያላለቀሰችውን ጭምር።

"አንተ እኮ ቆላ ነው ያደግኸው" አለችው እንባዋ ጋብ ሲልላት። "የአንኮበርን ብርድ ትችለዋለህ?"

"አልችለውም" አለ ወልደአረጋይ። "አንቺስ መቼ ሙቀቱን ቻልሽው? ኖርሽው እንጂ።"